የፌኔት ትኬት

ሌባው በሩን ዘግቶ ነው የሄደው። ኢንስፔክተር ዕድላዊትን ከሁሉ በፊት ያስገረማት ይኼ ነበር። ሳጥን ሰብሮ፣ የአንዲት ባልቴት ጥሪት ጠራርጎ ሲያበቃ፣ ጥጃዋ ወጥታ እንዳትጠፋ የግቢውን በር በሽቦ አስሮ የሚሄድ ሌባ አጋጥሟት አያውቅም። የሱሉልታ ሌባ ጨዋ ነው እንዳትል ደግሞ ብዙዎቹን በስም ታውቃቸዋለች።

«ሌላ የጎደለ ነገር አለ፣ አዴ ወርቅቱ?»

አዴ ወርቅቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ኩምትር ብለው ተቀምጠዋል። የዓይናቸው ሞራ በቅርቡ ስለተገፈፈ ጥቁር መነጽር አድርገዋል። እጃቸውን ወደ ግድግዳው ዘረጉ። እዚያ ላይ ባዶ ሚስማር ብቻ ቀርቷል።

«የልጄ የፌኔት ፎቶ። ከነመስታወቱ ወስዶታል።»

«ሬዲዮውስ?»

«አለ። ስልኬም ይኸው። ፎቶ ምን ያደርግለታል ልጄ? አውጥቶ አይሸጠው!»

ጥርሳቸውን ነከሱና ቀና አሉ። «አላለቅስም። ዶክተሩ እንባ ከልክሎኛል። በደንብ ሳይድን ካለቀሱ ዓይንዎ ይጠፋል ብሎኛል። ፌኔትን ሳላያትማ ዓይኔ አይጠፋም።»

አብሯት የመጣው ሳጅን ዋቆ አንገቱን ደፋ። ዋቆ እናት ስታዝን ማየት አይችልም፤ ለፖሊስ የማይሆን ሆድ ነው ያለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፌኔት ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል። አምና ለመምጫዋ የሚሆን ገንዘብ በእጇ ሞልቶላት ነበር። ሻንጣዋን ሁሉ ገዝታለች። ትኬት ልትቆርጥ ስትል ግን ዋጋው አልጠበቃትም፤ በትኬቱ ላይ መንግሥታት የሚጥሉት ግብር ጨምሮ፣ ያሰበችውና የተጠየቀችው አልገናኝ አለ። «አዮ፣ ትንሽ ነው የጎደለኝ፤ አንድ ዓመት ልጨምር» ብላ ለእናቷ ደወለች። ኮንትራቷንም አደሰች።

«ዘንድሮ ግን እኔው እሞላዋለሁ አልኩ» አሉ አዴ ወርቅቱ። «በጎቹን ሸጥኩ፣ ድርቆሹን ሸጥኩ። ቡራዩ ትኬት የሚሸጠው የሰፈራችን ልጅ ሕዝቅያስ ዋጋ ነገረኝ፤ ሞላሁ። ሄድኩ፤ የኤርፖርት ታክስ ጨመረ አለኝ። እሱንም ሞላሁ። ሄድኩ፤ የዚያኛውም አገር መንግሥት ጨመረ አለኝ። እሱን ስሞላ ደግሞ ሌላ ታክስ መጣ አለኝ። መንግሥት ጨመረ ከተባልኩ ከማን ጋር ልጣላ?»

«ብሩን ለሕዝቅያስ ሰጥተውት ነበር?»

«ትኬቱን ሳላይ አልሰጥም ብዬ እዚሁ ሳጥኔ ውስጥ ነበር። ትላንት ለዕድርተኛው ተናግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ ቡራዩ አልመላለስም፣ ሰኞ አዲስ አበባ ሌላ ቢሮ ሄጄ አስቆርጣለሁ ብዬ። ዛሬ ከቀብር ስመለስ እንዲህ ሆኖ ጠበቀኝ።»

የዚያን እሑድ ሰፈሩ በሙሉ ጎረቤት ቀብር ላይ ነበር። ሌባው ይኼንንም አውቋል፣ ብሩ ነገ እንደሚወጣም አውቋል ማለት ነው። ዕድላዊት በልቧ የሰፈር ሰው ነው ብላ ያዘች።

«ፌኔት ነገሩን ሰምታለች? ትደውልልዎታለች?»

«አሠሪዋ ስልኳን ቀምታታለች። በኦቦ ጎበና ስልክ ላይ ነው ሰላምታ የምትልክልኝ።»

ስማቸው ሲነሳ የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ጎበና ራሳቸው ዱላቸውን ይዘው ገቡ። ረጅም፣ ሽበታም፣ ሲናገሩ ሰው ዝም የሚልላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ኢንስፔክተር፣ ነገሩን ባታከርሪው ምን አለ?» አሉ። «ገንዘብ ነው፤ የትም አይሄድም። ካልተገኘም ዕድሩ ይተካላታል።»

«ቀብሩ ላይ ነበሩ፣ አባባ?»

«የዕድር ዳኛ ሆኜ የት ልሆን? ሕዝቡ ይመስክር።»

ገንዘብ የትም አይሄድም የሚል ሰው ዕድላዊት ያን ቀን ገና መስማቷ ነው። የሷ ደመወዝ እንኳ መሄድ የሚጀምረው ሳይመጣ ነው።

*

ስለ አየር ትኬት ማንም ዕድላዊትን ሊያታልላት አይችልም። የዚህ ምክንያቱ ባሏ ኢፋ ነው። ኢፋ እዚሁ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያደገ፣ ለራሱ ሜዳሊያ ሳይሆን ከፊት እየሮጠ ለሌሎች ፍጥነት እየጠበቀ የኖረ ሯጭ ነበር። ጉልበቱ ሲደክም ዶሃ ውስጥ ሕፃናት የሚያሠለጥንበት ሥራ አገኘና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ዕድላዊት ዓርብ በመጣ ቁጥር አንዱ ትኬት ቢሮ ትደውልና የዶሃን ዋጋ ትጠይቃለች። ዋጋው ብቻውን ሲሆን ይቻላል፤ ከኋላው ተሰልፎ የሚመጣው ግብር ነው ወገብ የሚቆርጠው። አብዛኛው የሚታሰበው በዶላር ነውና፣ ብር በወደቀ ቁጥር ማንም አዋጅ ሳያወጣ ግብሩ ብድግ ይላል። ሰምታ ስታበቃ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ አላት፦ «ትንሽ ብጠብቅ ይቀንስ ይሆን?» ሁልጊዜም «ሊሆን ይችላል» ይሏታል። እሷም ትጠብቃለች። አልጋው ላይ የኢፋ ትራስ አሁንም በቦታው ነው፤ ሲናፍቃት ትገለብጠዋለች፣ ሲብስባት ታቅፈዋለች።

ስለዚህ ማታውን እሑድም የሚሠሩ ሁለት ቢሮዎች ደውላ የቤይሩትን ጠየቀች። ሁለቱም ያሏት አንድ ነው፤ ከአምናው ጭማሪ ወዲህ በታክሱ ላይ ይኼ ነው የሚባል ለውጥ የለም።

ሕዝቅያስ ሦስት ጊዜ ዋሽቷል።

*

ሳጅን ዋቆ ግን ልቡ ወደ ሰበታ ሸፍቷል። «ፎቶ የሚሰርቅ ሌባ የለም፤ ፎቶ የሚሰርቅ ፍቅረኛ ነው» አለ። ፌኔት ከመሄዷ በፊት ሚልኬሳ ከሚባል ልጅ ጋር ልትተጫጭ ነበር፤ ልጁ ዛሬ ሰበታ አበባ እርሻ ውስጥ ይሠራል። ሐሳቡ የሚናቅ ስላልነበር በማግስቱ በዓለም ገና በኩል ወረዱ።

ሚልኬሳን የጽጌረዳ እቅፍ ሲያስር አገኙት። ጣቶቹ በእሾህ ተቧጭረዋል። የፌኔትን ስም ሲሰማ የያዘው መቀስ ከእጁ ወደቀ።

«መጣች እንዴ?»

«አልመጣችም። እሑድ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። አበባ እሑድ አያውቅም፤ አለቃዬን ጠይቂው።» አለቃው ከወዲያ ሆኖ በራሱ መሰከረለት። «ምን ተፈጠረ?»

«ፎቶዋ ከእናቷ ቤት ተሰረቀ።»

ልጁ በሐዘን ፈገግ አለ። «ብሰርቀው ደስ ባለኝ። እኔ ጋ ያለው አንድ ነው፣ እሱም ስልኬ ላይ።» ስልኩን አውጥቶ አሳያት። ከፌኔት ፎቶ በታች የላካቸው መልእክቶች ተደርድረዋል፤ ሰላም ነሽ፣ ተናደድሽብኝ ወይ፣ በማርያም አንድ ቃል መልሺልኝ። አንዱም አልደረሰም። «ክረምት ሊገባ ሲል ጀምሮ ጠፋችብኝ። ሌላ ሰው አግኝታ ይሆናል አልኩ። ያግኛት፤ ግን ደህና ነኝ ብትለኝ ምናለ? ስልኳን ሳትቀይረው አልቀረችም።»

«አሠሪዋ ቀምታት ነው አሉ፤ ለእናቷም ሰላምታ የምትልከው ኦቦ ጎበና ጋ እየደወለች ነው» አለ ዋቆ ሊያጽናናው።

«ታዲያ ለኦቦ ጎበና የምትደውለው በምንድን ነው?»

ዋቆ ወደ ዕድላዊት ዞረ። ዕድላዊትም ጥያቄውን ይዛው ተመለሰች። ሚኒባሱ ውስጥ የሚልኬሳ ያልደረሱ መልእክቶች ከፊቷ አልጠፋ አሏት። ኢፋ አንድ ቀን ዝም ቢላትስ? ስልኳን አውጥታ «ደህና ነህ?» ብላ ላከች። «ደህና ነኝ፣ ምነው?» የሚል ሲመለስላት እንባዋ መጣ። ዋቆ እንዳያያት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

*

የሕዝቅያስ ቢሮ ቡራዩ ዋናው መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ በመስታወቷ ላይ አውሮፕላን ተለጥፎባታል። ሕዝቅያስ ፀጉሩን የተከረከመ፣ ምላሱ ቀልጣፋ ወጣት ነው። ዕድላዊት ሰላም ስትለው ፊቱ በራ።

«ይቺን ድምፅ አውቃታለሁ! የዓርቧ የዶሃ ደንበኛዬ አይደሉም እንዴ? ‹ትንሽ ብጠብቅ ይቀንስ ይሆን?› የሚሉት?»

ዋቆ ሳቁን ዋጠ። ዕድላዊት መታወቂያዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ የሕዝቅያስም ሳቅ አብሮ ተቀመጠ።

«የዛሬው ቤይሩት ነው» አለችው። «ለአዴ ወርቅቱ ታክስ ጨመረ ያልካቸው ስንቱ እውነት ነው?»

«እሱ… ሲስተሙ ላይ ይለዋወጣል…»

«ሕዝቅያስ፣ የትኬት ዋጋ ስጠይቅ የኖርኩ ሴት ነኝ። ሲስተም አትበለኝ።»

ሕዝቅያስ ኮምፒውተሩን ገፋ አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንዱም እውነት አይደለም» አለ። «የአምናው ነው እውነቱ። አምና ለፌኔት ራሴ ነበርኩ ያሰላሁላት። በስልክ ይዣት፣ መሠረታዊ ዋጋው ይኼ፣ ታክሱ ይኼ ስላት፣ ‹ታክሱን ብትተውልኝስ?› አለችኝ። እኔ እንዴት እተዋለሁ? የኔ አይደለም። የአየር መንገዱም አይደለም። ከሚከፈለው ላይ ማንም ሊቀንሰው የማይችለው እሱ ብቻ ነው።»

«ዘንድሮ ለምን ዋሸህ? ብሩ ሲሞላ ልትሰርቃቸው?»

«እኔ?» ሕዝቅያስ ከወንበሩ ተነሳ። «አንዲት ሳንቲም አልነካሁም! እሑድ እዚሁ ቡራዩ የእህቴ ልጅ ክርስትና ላይ ነበርኩ፤ ቪዲዮው አለ።»

«ታዲያ ያለ ጥቅም የሚዋሽ ሰው አለ?»

«ቃል አስገብተውኝ ነው። ከዚህ በላይ ብታስሩኝም አልናገርም።»

እያወራ ግን ዓይኑ ሁለት ጊዜ በመስታወቱ አልፎ መንገዱን ተሻገረ። ዕድላዊት ዓይኑን ተከትላ አየች። ከማዶ የራቢአ ፎቶ ቤት አለ።

*

ራቢአ ወፍራም፣ ተጫዋች ሴት ናት። ፖሊስ መሆኗን ሳትጠይቅ ዕድላዊትን ለጉርድ ፎቶ ልታስቀምጣት ወንበር ሳበችላት።

«ከሱሉልታ የመጣ የአንዲት ልጅ ፎቶ አለሽ?» አለች ዕድላዊት። «አሮጌ ፍሬም ያለው?»

«አዎ፣ ሽማግሌው ላኩሽ? በሕዝቅያስ በኩል ያመጡት? ደርሷል።»

ከጀርባ ክፍል ትልቅ ነገር በጨርቅ ሸፍና አመጣችና ገለጠችው። ፌኔት ነበረች። ከአንገቷ ትንሽ ዘንበል ብላ፣ የምትስቀውን ሳቅ ልትጀምር ያለች ትመስላለች። ፎቶው ሰው ደረት ድረስ የሚደርስ ሆኖ ታጥቧል፤ በአንደኛው ጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሯል።

ዕድላዊት ሪባኑን በጣቷ ነካችው።

«አስከሬኗ እዚያው ተቀብሮ ቀረ አሉኝ» አለች ራቢአ፣ ጨዋታዋን ትታ። «ሬሳ በሌለበት ፎቶ ነው የሚለቀስለት። አላህ እናቷን ያጽናት። ሽማግሌው ‹ገና መርዶ አልነገርናትም፣ ሐሙስ ዓይኗን ስለምትታይ ለዓርብ ጠዋት አድርሽልኝ› ብለውኝ ነው።»

ዋቆ ቆቡን አወለቀ። ዕድላዊት ከመንገዱ ማዶ ሕዝቅያስን አየችው፤ መስታወቱን ተደግፎ እሷኑ ያያታል፤ ፊቱ በእንባ ርሷል።

*

ኦቦ ጎበናን የዕድሩ ዕቃ ቤት ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ለሠርግም ለሐዘንም የሚበስልበት ትልቅ ብረት ድስት በዙሪያቸው ተደርድሯል።

«እሑድ ቀብሩ ላይ ሰው መቀመጫ አጥቶ ቆሞ ነበር አሉ» አለች ዕድላዊት። «ዋቆ ጠይቆልኛል። አግዳሚ ሊያስመጡ የወረዱት እርስዎ ነበሩ፤ ዘግይተው ነው የተመለሱት።»

ሽማግሌው ወደ ድስቱ ሄዱ። ክዳኑን አንስተው ከውስጡ በነጠላ የተቋጠረ ነገር አወጡና እፊቷ አስቀመጡ። ቋጠሮው የአዴ ወርቅቱ ብር ነበር፤ አልተፈታም።

«የትም አይሄድም ብዬሽ ነበር» አሉ።

ዕድላዊት ልትቆጣ የመጣች ነበረች። ቁጣው ግን ከየት ይምጣላት?

«የፌኔት ጓደኛ ናት ከቤይሩት የደወለችልኝ» አሉ ኦቦ ጎበና። «ድንገት ታማ፣ ሆስፒታል ገብታ፣ በማግስቱ። እናትየው ያን ሳምንት ነው ዓይኗን የተሠራችው። ሽማግሌዎቹ ተሰበሰብን። አሁን ብንነግራት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ዓይኗ ይጠፋል። ልጇንም ዓይኗንም በአንድ ቀን እንንጠቃት? ዓይኗ እስኪድን እንቆይ አልን። የላክሁላት ሰላምታ ሁሉ የኔ ውሸት ነው። እሷ ደግሞ እግሯ አይታክትም፤ ትኬት፣ ትኬት ትላለች። ሕዝቅያስን ጨመረ በላት አልኩት። አምና በእውነት ጨምሮ ልጅቷን ያስቀረብን እሱ ስለሆነ ማንም አይጠራጠርም አልኩ።»

«አዲስ አበባ እሄዳለሁ ስትልስ?»

«እዚያ ምስጢራችንን ማን ያውቃል? ለተሳፋሪዋ ደውይ ይሏታል፤ ስልኩን ከሚያነሳ ከማታውቀው ሰው አፍ፣ መንገድ ዳር ትሰማዋለች። ወርቅቱ የልጇን ሞት በስልክ አትሰማም። ፎቶውም ለለቅሶው ያስፈልግ ነበር፤ በአንድ ቀን ሁለቱንም ኃጢአት ሠራሁት።» እጃቸውን አጣምረው ዘረጉ። «ልታስሪኝ ትችያለሽ። ግን ከዓርብ በኋላ ይሁን።»

ዕድላዊት የተዘረጋውን እጅ ያዘችና ወደ ታች መለሰችው። ሕጉ የሚለውን ታውቃለች። እሷ ግን ያን ጊዜ የምታስበው ስለ ሻንጣው ነበር። ፌኔት አምና የገዛችው፣ ለመሄድ ተዘጋጅቶ ትንሽ ገንዘብ የጎደለው ሻንጣ አሁን የት ነው ያለው? ታክሱ ያን ያህል ባይሆን ልጅቷ ዘንድሮ እዚህ ነበረች። ይኼን ጥፋት በማን ስም ትመዝግበው?

«ዓርብ እኔም እመጣለሁ» አለች።

*

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፤ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ቀኑ ሳይጀምር። ሴቶቹ ነጠላቸውን ለሐዘን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በጤዛው ላይ ዝም ብለው ሄዱ። ፎቶውን ሕዝቅያስ በጨርቅ ሸፍኖ ይዞ ከኋላ ይከተላል። ሚልኬሳም ነበር፤ ሌሊቱን ዋቆ ነው አምጥቶ የነገረው። የግቢውን ሽቦ ኦቦ ጎበና ፈቱት።

አዴ ወርቅቱ ላሟን እያለቡ ነበር። ጥቁሩን መነጽር ትላንት ዶክተሩ አስወልቋቸዋል። መጀመሪያ ያዩት ዕድላዊትን ነው።

«አካም ቡልቴ ልጄ! ሌባውን አገኘሽው?»

ዕድላዊት ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከኋላዋ የቆሙት ታዩ።

አዴ ወርቅቱ ቀስ ብለው ቆሙ። የዳነው ዓይናቸው አንድ በአንድ ሁሉንም አየ፤ ነጠላውን፣ ጋቢውን፣ ሚልኬሳን፣ ሕዝቅያስ የያዘውን የተሸፈነ ነገር። የወተቱ ዕቃ ከእጃቸው አመለጠ። ወደ ኦቦ ጎበና ሁለት እርምጃ ሄዱና ጋቢያቸውን ያዙት።

«ታክሱ ጨመረ በሉኝ» አሉ።

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ።

«ጨመረ በሉኝ እንጂ፣ ኦቦ ጎበና! ላሟ አለች፤ ላሟን እሸጣለሁ። ጥጃዋንም እሸጣለሁ። በዋቃዮ፣ አሁንም ጨምሯል በሉኝ!»

ያን ያህል ጊዜ የዋሹበት አፍ ዛሬ እምቢ አለ። ሕዝቅያስ ጨርቁን ገለጠ። ያን ጊዜ የተከለከለው እንባ ሁሉ ወረደ፤ ሱሉልታም አብሮ አለቀሰ።

*

ለቅሶው በረድ ሲል ዕድላዊት ቋጠሮውን ይዛ ሄደች። አዴ ወርቅቱ አልቆጠሩትም፤ ለልጃቸው ተዝካር እንዲሆን ለዕድሩ መልሰው ሰጡት። ክሱንም ተዉት። «ማንን ልክሰስ?» አሉ። ከዚያ የዳነ ዓይናቸውን ዕድላዊት ላይ ጣል አደረጉ።

«ሳጅኑ ነግሮኛል። ባልሽ ዶሃ ነው አይደል?»

«አዎ።»

«በሕይወት አለ?»

«አለ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

በማግስቱ ቡራዩ ሄደች። ሕዝቅያስ ሲያያት ወንበር ሳበላት። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ዋጋውን ነገራት፤ ቀጥሎ ታክሱን ነገራት። ካለፈው ዓርብ ጨምሮ ነበር፤ በዚህኛው ግን አልዋሸም።

«ትንሽ ቢጠብቁ ሊቀንስ ይችላል» አላት፣ ማየት እንዳፈረ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

«አልጠብቅም» አለች ዕድላዊት። «ቁረጠው።»